ከጋርደን ሲቲ እስከ ቢስማርክ በዩኤስ 83፦ ከኢንተርስቴት ወጥቶ ለማያውቅ የትራክ ሹፌር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ካወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። እስካሁን የነዳሁት በኢንተርስቴት (ግዛቶችን በሚያገናኘው ፈጣን አውራ ጎዳና) ብቻ ነው። በኦክቶበር መጨረሻ ከጋርደን ሲቲ፣ ካንሳስ በሪፈር (ማቀዝቀዣ ባለው ትሬለር) ሥጋ ጭኜ ቢስማርክ፣ ኖርዝ ዳኮታ አራግፋለሁ። ጂፒኤሱ ከሞላ ጎደል መንገዱን ሁሉ በዩኤስ 83 ይወስደኛል፤ አንድ መሄጃ አንድ መምጫ ያለው የገጠር መንገድ ነው። ጓደኞቼ በኢንተርስቴት ዙር ይሉኛል። ልሂድበት? ከሄድኩስ ምን ላዘጋጅ?»

ወንድሜ፣ ሂድበት። ዙር የሚሉህ ካርታውን አላዩትም። በዚያ አካባቢ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚያወጣህ ኢንተርስቴት የለም። ምሥራቁን ይዘህ በሳላይና፣ በኦማሃ፣ በሱ ፎልስና በፋርጎ ብትዞር ከ300 ማይል በላይ ትጨምራለህ፤ ለዚያ ማይል የሚከፍልህ ብሮከር (የጭነት ደላላ) ደግሞ አታገኝም። ዩኤስ 83 ከካናዳ ድንበር ተነስቶ እስከ ብራውንስቪል፣ ቴክሳስ የሚወርድ መንገድ ነው፤ አንተ የምትነዳው መሃሉን ነው። አስፋልቱ ደህና ነው፣ አብዛኛው ቀጥ ያለ ነው፣ 53 ጫማ ትሬለር የሚያስጨንቅ ኩርባም እምብዛም የለውም። ሰው እዚህ መንገድ ላይ የሚቸገረው በሰዓት ነው። ሲመሽብህ የት እንደምትሆን ሳትወስን ከጋርደን ሲቲ ከወጣህ ነዳጁም፣ አጋዘኑም፣ ትራክተሩም፣ ማደሪያውም ባንድ ላይ ይመጡብሃል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓቱን እንሥራ። (የምጽፈው በአሜሪካ ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር እንዳታነበው።)

ጠቅላላው 700 ማይል ገደማ ነው። ጂፒኤሱ 11 ሰዓት ቢልህ አትመነው። 65 የሚለው ሰሌዳ ከከተማ ውጭ ላለው ነው፤ በየከተማው ወደ 35 እና 30 ትወርዳለህ፣ ከኮምባይነር ጀርባ ትሰለፋለህ፣ አንዳንዴም ባቡር እስኪያልፍ ትቆማለህ። የተጫነ ትራክ በእንዲህ ያለ መንገድ በአማካይ 55 ከሄደ ጥሩ ሄደ ነው የሚባለው። 700ን ለ55 ስታካፍለው 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይመጣል፤ ሕጉ የሚፈቅድልህ ግን 11 ሰዓት መንዳት ነው። የሁለት ቀን መንገድ ነው፣ መሃሉ ላይ የ10 ሰዓት ዕረፍት አለው። ዋጋ ስትነጋገርም፣ የማራገፊያ ቀጠሮ ስትይዝም ይህን ቁጥር ይዘህ ተነጋገር።

ከጋርደን ሲቲ ሲቆጠር ኖርዝ ፕላት 230 ማይል ያህል ነው፣ ቫለንታይን 360፣ ቪቪያን 460፣ ፒር 500። በኦክቶበር መጨረሻ በዚያ አካባቢ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት 8፡00 ገደማ ነው፣ የምትጠልቀው ማታ 6፡30 አካባቢ። የምትጫንበት ቦታ ግን ያንተን ዕቅድ አያውቅም። የሥጋ ፋብሪካ መጫኛ በር ላይ አምስት ስድስት ሰዓት መጠበቅ ብርቅ አይደለም፤ የሥራ ቀንህ የ14 ሰዓት ቆጣሪ ቆመህም ይሮጣል። ጥበቃው እንደሚረዝም ካየህ ሎግህን (የሰዓት መዝገብህን) ስሊፐር በርዝ (የትራኩ መኝታ) ላይ አድርገህ ተኛ፤ የ10 ሰዓቱን ዕረፍት በ7 እና በ3 ሰዓት መክፈልን ካወቅክበት ያድንሃል፣ ካላወቅክበት ከመሄድህ በፊት አንድ ምሽት ቁጭ ብለህ ተማረው።

ጠዋት 6፡00 ተጭነህ ከወጣህ ቪቪያን ከሰዓት በኋላ 3፡00 አካባቢ ትደርሳለህ፤ ማደሪያህ እዚያ ነው፣ በማግስቱ የቀረችህ 240 ማይል ናት። እኩለ ቀን ላይ ከወጣህ ኖርዝ ፕላት እደር። መቁረጫው ይህ ነው፦ ከኖርዝ ፕላት ከሰዓት በኋላ 3፡00 ሳይሆን መውጣት ካልቻልክ አትውጣ። ከዚያ እስከ ቫለንታይን ያለው 130 ማይል ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ ዘግይተህ ከገባህበት ያንን መሬት በምሽት ታቋርጠዋለህ። ምሽቱ ለምን እንደሚከፋ ወደ ታች እነግርሃለሁ። ኖርዝ ፕላት ላይ 83 ከኢንተርስቴት 80 ጋር የሚገናኘው ኤክዚት 177 ላይ ነው፤ ትልልቆቹ የትራክ ማቆሚያዎች ግን ወደ ምሥራቅ አንድ አለፍ ብሎ 179 ላይ ናቸው። ቦታ ከምሽቱ በፊት ያዝ፣ የኢንተርስቴት 80 ትራፊክ ሁሉ እዚያ ነው የሚያድረው።

ነዳጅ። በጋሎን 6.5 ማይል ብትሄድ ለ700 ማይል 108 ጋሎን ያስፈልግሃል፤ ሪፈሩ ደግሞ በሰዓት ከግማሽ እስከ 1 ጋሎን ይጠጣል። መጠኑ ብዙ አይደለም፣ ነገር ግን ትራክ የሚገባበት ፓምፕ በየኤክዚቱ እንደምታገኘው አይደለም። ከኖርዝ ፕላት በግማሽ ታንክ አትውጣ፣ ሙላው። ቀጥሎ አስተማማኙ ቦታ ኢንተርስቴት 90 ላይ ነው። በትናንሽ ከተሞች የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ፓምፖች አሉ፤ ብዙዎቹ ሌሊቱን ሙሉ በካርድ ይሠራሉ፣ ያንተን የነዳጅ ካርድ ግን ላይቀበሉ ይችላሉ። በኪስህ አንድ መደበኛ የባንክ ካርድ ይኑር።

እነዚያ ፓምፖች ጋ አንድ ወጥመድ አለ፣ አዲስ ሹፌር በደንብ ይወቀው። ለእርሻ ማሽን የሚሸጠው ቀይ ቀለም የተቀላቀለበት ዲዝል፣ የመንገድ ግብር ስላልተከፈለበት ርካሽ ነው፣ የሚሸጠውም ከመደበኛው ጎን ነው፤ አንዳንዴ አንድ ማሽን ላይ ሁለት አፍ ሆኖ ታገኘዋለህ። ሪፈርህ ታንክ ውስጥ ቀዩን መሙላት ይፈቀዳል። የትራኩ ታንክ ውስጥ ግን ጠብታ መግባት የለበትም። ቀለሙ ታንኩ ውስጥ ይቆያል፣ ተቆጣጣሪ በቱቦ ቀድቶ ያየዋል፤ የፌዴራሉ ቅጣት 1,000 ዶላር ወይም በጋሎን 10 ዶላር ነው፣ ከሁለቱ የሚበልጠው። የሚሳሳቱት ደክሟቸው በጨለማ የሚሞሉ ናቸው፤ አፉን ከማንሳትህ በፊት ፓምፑ ላይ የተለጠፈውን አንብብ፣ ደረሰኙንም ለይተህ አስቀምጥ። አራት ግዛት ስለምታቋርጥ ለኢፍታ (ለግዛቶቹ የነዳጅ ግብር) ሪፖርትም ያስፈልግሃል።

ክብደቱን ከጋርደን ሲቲ ሳትወጣ ጨርስ። 80,000 ፓውንድ ጠቅላላ፣ የሞተሩ ጎማዎች 34,000፣ የትሬለሩ ታንደም (የኋላ ጥንድ አክስሎቹ) 34,000፣ የፊቱ 12,000 ገደማ። ሥጋ ከባድ ጭነት ነው፣ 42,000 ፓውንድ ቢጭኑብህ አትደነቅ። ሚዛን ላይ ስትወጣ የሞተሩ ጎማዎች ከበዙ ታንደሙን ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት፣ ወደ ሞተሩ አቅጣጫ ነው የምትስበው፤ ብዙ ጀማሪ ይገለብጠዋል። ታንደሙ የሚቆለፍባቸው ቀዳዳዎች ርቀት 4 ኢንች ከሆነ በየቀዳዳው 250 ፓውንድ ያህል ይሻገራል፣ 6 ኢንች ከሆነ 400 ያህል። ነዳጅ በጋሎን 7 ፓውንድ ስለሆነ ባዶ ታንክ ይዘህ 79,700 ከመዘንክ ስትሞላ ታልፋለህ፤ ስለዚህ ሞልተህ ተመዘን። ሁለት መስመር መንገድ ላይ ቋሚ የሚዛን ጣቢያ ስላላየህ ሚዛን የለም ማለት አይደለም፤ ተንቀሳቃሽ ሚዛን በመኪናቸው ይዘው የሚዞሩ ፖሊሶች አሉ።

የሪፈሩ ነገር በአጭሩ፦ ዲስፓቹ (ጉዞህን የሚመድብልህ ሰው) በስልክ ያለህን ዲግሪ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን አስገባ። ፍሮዝን ያልሆነ ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ ከ28 እስከ 32 ፋራናይት ነው። ሞተሩ እየጠፋ እየተነሳ የሚሠራበትን ሞድ አትጠቀም፣ ያለማቋረጥ የሚሠራውን ምረጥ። ጭነቱ ካርቶን ሳይሆን ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ሥጋ ከሆነ የክብደቱ መሃል ወደ ላይ ይወጣል፤ ከተማ ውስጥ የምትዞርባትን እያንዳንዷን ጥግ ከለመድከው በ5 እና በ10 ማይል ቀንሰህ ዙር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ኦክቶበር የመኸር ወር ነው። ከጋርደን ሲቲ እስከ ኦክሊ ግራና ቀኙ በቆሎ፣ ስንዴና ማሽላ ነው (ካንሳስ በአሜሪካ በማሽላ ምርት አንደኛ ናት፤ ቀይ ራስ ይዞ የምታየው እሱ ነው)። ኮምባይነሩም፣ እህል የሚጎትተው ትራክተርም፣ የከብት ትሬለሩም ካንተ ጋር አንድ አስፋልት ይጋራሉ። ከኋላው ብርቱካናማ ሆኖ ዙሪያው ቀይ የሆነ ሦስት ማዕዘን የለጠፈ ነገር ሁሉ ከ25 ማይል በታች የሚሄድ ነው። አንተ በ65፣ እሱ በ20 ስትሄዱ በሴኮንድ 66 ጫማ ትቀርበዋለህ። ከጉብታ ማዶ 800 ጫማ ላይ ብታየው ያለህ 12 ሴኮንድ ነው፤ በ65 የሚሄድ ሙሉ ጭነት ትራክ ለመቆም ደግሞ 525 ጫማ ያህል ይፈልጋል። አይተህ፣ ምን እንደሆነ ገብቶህ፣ እግርህ ፍሬን ላይ እስኪደርስ ሦስት ሴኮንድ ከባከነ የተረፈህ ትንሽ ነው። ስለዚህ ማዶውን በማታይበት ጉብታ ላይ እግርህን ከነዳጁ አንሳ፣ በ55 ውጣው። ይህ የሚያስወጣህ ሴኮንዶች ነው።

ትራክተሩ ጋ ከደረስክ በኋላ ሰው የሚሞትበት ስህተት አንድ ነው። ገበሬው ወደ ግራ ወደ ማሳው ሊታጠፍ ሲል መዞሪያ ቦታ ለማግኘት መጀመሪያ ወደ ቀኝ ዳር ይወጣል። ከኋላ ያለው ሹፌር «አሳለፈኝ» ብሎ ግራውን ይዞ ሲፈተለክ ትራክተሩ ፊቱ ላይ ይታጠፋል። ምልክት መብራቱ በአቧራ ስለሚሸፈን ወይም በሚጎትተው ጋሪ ስለሚከለል አትጠብቀው። በምትኩ ወደ ግራ እይ፦ ከአስፋልቱ ወደ ማሳ የሚገባ የጠጠር መግቢያ፣ የተከፈተ የሽቦ አጥር በር፣ ዳር የቆመ የእህል ትራክ ካለ፣ ያ ትራክተር ወደዚያ እየሄደ ነው፤ ቆይ።

ማለፍን በቁጥር ላሳይህ። አንተ በ65፣ ፊትህ ያለው ሌላ ትራክ በ55 ቢሄድ ልዩነታችሁ በሴኮንድ 15 ጫማ ብቻ ነው። የሁለታችሁ ርዝመትና ከፊትና ከኋላ የምትተወው ክፍተት ሲደመር 345 ጫማ ያህል ይሆናል፤ ግራ መስመር ላይ 23 ሴኮንድ ትቆያለህ ማለት ነው። በዚያ 23 ሴኮንድ አንተ 2,200 ጫማ ትሄዳለህ፣ ከፊት የሚመጣውም ያንኑ ያህል ይመጣል። ባዶ ሆኖ ማየት ያለብህ መንገድ ወደ አንድ ማይል ይጠጋል። የፕሬሪው ሜዳ ደግሞ ያታልላል፤ ጠፍጣፋ መስሎ መኪና የሚውጥ ዝቅታ አለው። የማለፊያ ሦስተኛ መስመር እስክታገኝ ከ45 ማይል በላይ የሚሄድ ነገር አትለፍ ብዬ ብነግርህ ፍርሃት አይደለም፣ ሒሳቡ ነው።

ቀስ የሚለውንም ስታልፍ አስቀድመህ ራቅ በል። ጀርባው ላይ ተለጥፈህ ወደ 20 ከወረድክ 80,000 ፓውንድህን እንደገና ወደ 45 ለማድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ግራ መስመር ላይ ታቃስታለህ። አራት አምስት መቶ ጫማ ኋላ ቀርተህ፣ ፊቱ ባዶ መሆኑን ስታይ በራስህ መስመር ፍጥነት ሰብስብ፣ ከዚያ ውጣ። ሐሳብህን ለመቀየርም ቦታ ይቀርልሃል።

ከፊት ለፊት የሚመጣ ኮምባይነር ሌላ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የፊቱን ማጨጃ አውልቀው ከኋላ ይጎትቱታል፤ ከማሳ ወደ ማሳ ለአጭር ርቀት ግን እንዳለ ይዘውት ይወጣሉ፣ ስፋቱም 20 እና 30 ጫማ ይሆናል። መብራት እያብለጨለጨ ቀድሞ የሚመጣ ፒካፕ ካየህ ከኋላው ሰፊ ነገር አለ። ቀንስ፣ ጠንካራ መግቢያ ካገኘህ ቁም። ወደ ሾልደሩ (ወደ መንገዱ ዳር) ስትጠጋ ግን መሬቱን አስተውል። ብዙ ቦታ ከነጩ መስመር ወዲያ ያለው ጠባብ አስፋልት ነው፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ ሣር የለበሰ ቁልቁለት። ጠጠሩ ዝናብ ከጠጣ የተጫነ ትሬለር አይሸከምም። የፊት ጎማህ ከአስፋልቱ ከወረደ መሪውን ነጥቀህ አትመልሰው፤ ጎማው የአስፋልቱን ጠርዝ ሲነክስ ትራኩ ባንዴ ወደ ተቃራኒው መስመር ይወረወራል፣ ትሬለሩም ይገለበጣል። መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ነዳጁን ልቀቅ፣ ፍሬኑን አትርገጥ፣ ፍጥነቱ በደንብ ሲወርድ ቀስ ብለህ አውጣው።

የገጠር መስቀለኛ መንገዶችንም በዚሁ ላንሳ። ይህ አገር በ1785 ሕግ አንድ ማይል ባንድ ማይል በአራት ማዕዘን ተሸንሽኖ የተቀየሰ ስለሆነ ብዙ ቦታ የጠጠር የካውንቲ መንገድ በየማይሉ ያቋርጥሃል። ያልታጨደ በቆሎ ጥጉ ድረስ ከቆመ የሚመጣውን ፒካፕ አታየውም፣ አቧራውን ግን ታየዋለህ። ጂፒኤስህ ደግሞ «አቋራጭ» ብሎ ወደ እነዚህ መንገዶች ሊመራህ ይችላል፤ እምቢ በለው። ከባድ መኪና የማይችሉ ድልድዮች አሉባቸው፣ መዞሪያም የላቸውም። የትራክ ጂፒኤስ ያልሆነ የስልክ ካርታ ይህን ሁሉ አያውቅም።

ከተሞቹ። ስኮት ሲቲ፣ ኦክሊ፣ ኦበርሊን፣ መኩክ፣ ወደ ላይ ደግሞ ቴድፎርድ፣ ሚሽን፣ ሴልቢ፣ ሊንተን። የገጠር ከተማ ስትገባ ፍጥነቱ ከ65 ወደ 45፣ ከዚያ ወደ 30 በጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ ይወርዳል። 30 የሚለው ሕግ የሚጀምረው ሰሌዳው ሥር ነው፤ ሰሌዳው ጋ ስትደርስ 30 ላይ መሆን አለብህ፣ ያኔ ፍሬን መጀመር የለብህም። ስትወጣም ትልቁ ቁጥር ያለበት ሰሌዳ እስክታልፍ አትጨምር። ቅጣቱ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ባልጨቀጨቅኩህ። ከተፈቀደው በ15 ማይል መብለጥ በሲዲኤል ሕግ ከባድ ጥፋት ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ከሆነ 60 ቀን፣ ሦስት ከሆነ 120 ቀን ከመንዳት ያግድሃል። በ30 ሰሌዳ ውስጥ 45 መሄድ ለመዘንጋት ቀላል ነው። ብዙዎቹ ከተሞች መግቢያ ላይ የሞተር ፍሬን ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ ስላለ ጄክ ብሬኩን ከሰሌዳው በፊት አጥፋ። መሃል ከተማ ላይ ፒካፖች ሰያፍ ቆመው ጀርባቸው ወደ መስመርህ ይወጣል፤ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ የትሬለሩን የኋላ ጎማ ተከታተል።

የእህል ጎተራዎቹ ጋ ተጠንቀቅ። በመኸር የእህል ትራኮች ሚዛን ለመግባት ተሰልፈው ጅራታቸው አንዳንዴ አውራ ጎዳናው ድረስ ይደርሳል። ጎተራው ባለበት ባቡር ሐዲድ አለ፤ ከሐዲዱ ማዶ ለሙሉ ርዝመትህ፣ 70 ጫማ ያህል፣ የሚበቃ ባዶ ቦታ ካላየህ አትግባበት። ማዶ መብራት ወይም ስቶፕ ካለ በተለይ። ሐዲዱ ጉብታ ላይ ከሆነ ደግሞ የትሬለሩ መቆሚያ እግር ሊነካ ይችላል። ብትያዝ ከመኪናው ውረድ፣ ሐዲዱ ዳር ሰማያዊ ሰሌዳ ላይ ስልክና የመሻገሪያው መለያ ቁጥር አለ፤ ከማንም በፊት እዚያ ደውል።

ከኖርዝ ፕላት በስተሰሜን መሬቱ ይለወጣል። ሳንድሂልስ ይባላል፤ ሣር የለበሰ የአሸዋ ጉብታ ነው፣ በምዕራቡ የዓለም ክፍል ከዚህ የሚበልጥ የአሸዋ ክምር የለም። እርሻው ይቀርና ከብት ይተካል። ስቴፕልተንን ካለፍክ ቴድፎርድ ናት፣ ከቴድፎርድ እስከ ቫለንታይን ደግሞ ከተማ የሚባል ነገር አታገኝም። ቫለንታይን ያለችበት ቼሪ ካውንቲ ብቻውን ከኮነቲከት ግዛት ይሰፋል፣ ሕዝቡ ግን 6,000 አይሞላም። የቴሌፎን ኔትወርክ የሚጠፋበት ረጅም ቦታ ስላለ ካርታውን ቀድመህ ስልክህ ላይ አውርድ። አረንጓዴዋን የማይል ምልክት ባለፍክ ቁጥር ቁጥሯን በቃልህ ያዝ፤ ብትቆም ጎታች የምትጠራው «ከቴድፎርድ በስተሰሜን፣ ማይል ይህን ያህል» ብለህ ነው። ጎታቹ ምናልባት ከኖርዝ ፕላት ይመጣል፣ ሰዓታት ቁጠር።

ምሽቱ የሚከፋው በዚህ ነው። ኦክቶበርና ኖቬምበር የአጋዘን የመዋለጃ ወቅት ስለሆነ ወንዱ ሴቷን ሲያባርር መንገድ አያይም፣ ሰዓቱም ፀሐይ ስትጠልቅና ስትወጣ ነው። አንዷ ከተሻገረች ሌላ ይከተላታል። ወደ ጎን አትሽሽ፤ መሪውን ቀጥ አድርገህ ፍሬን ያዝ፣ ክላክስ ንፋ፣ ካልሆነ ምታው። አጋዘን ያዳነ ሹፌር ትራኩን ቦይ ውስጥ ገልብጦ ያገኙታል። ከመታኸው በኋላ «ይነዳል» ብለህ አትቀጥል፤ ራዲያተሩንና ከፊቱ ያለውን የአየር ማቀዝቀዣ ውረድና እይ፣ ውኃ እያንጠባጠበ 60 ማይል ብትሄድ ሞተሩን ታቃጥላለህ። ከአጋዘን የሚብሰው ደግሞ አጥር ጥሶ የወጣ ጥቁር የአንገስ ከብት ነው። ጥቁር አስፋልት ላይ ጥቁር አካል ነው፣ ከ1,000 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። ምሽት ከያዘህ ከ55 አትለፍ፣ ረጅም መብራትህንም ሰው በመጣ ቁጥር ቶሎ ቀንሰህ ቶሎ መልስ።

ተበላሽቶብህ መንገድ ላይ ከቆምክ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኖቹን በ10 ደቂቃ ውስጥ አውጣ። አቀማመጡ ከኢንተርስቴት ይለያል፣ ፈተና ላይ ካነበብከው ረስተኸው ይሆናል። በኢንተርስቴት ሦስቱም ከኋላ ናቸው፣ 10፣ 100 እና 200 ጫማ ላይ። እንዲህ ባለ ሁለት አቅጣጫ መንገድ ግን አንዱ ከኋላ 10 ጫማ፣ አንዱ ከኋላ 100 ጫማ፣ ሦስተኛው ከፊት 100 ጫማ ነው። ከጉብታ ወይም ከኩርባ ሥር ከቆምክ ሰው ቀድሞ እንዲያየው እስከ 500 ጫማ ድረስ አርቀው። የሹፌሩ ክፍል ውስጥ ደግሞ ትርፍ የነዳጅ ፊልተር፣ አንድ ጋሎን ኩላንት፣ አንድ ሁለት ጋሎን ዘይት፣ አምፖልና ፊውዝ፣ የጎማ ንፋስ መለኪያ፣ ብርድ ልብስና ውኃ ይኑርህ። ምግብም ያዝ። በየመንገዱ የምታገኘው ሀምበርገርና ስቴክ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ የምትጾም ከሆነ ሽሮህን ቋጥረህ ውጣ፣ እሑድ ደግሞ በትናንሽ ከተሞች ምግብ ቤቱም ይዘጋል።

ከቫለንታይን ወጥተህ ሳውዝ ዳኮታ ስትገባ የሮዝበድ ላኮታ ሕዝብ ምድር ነው፤ ሚሽን ውስጥ እንደማንኛውም ከተማ ቀስ በል። ሙርዶ ላይ 83 ከኢንተርስቴት 90 ጋር ይቀላቀልና ወደ ምሥራቅ 20 ማይል አብረው ይሄዳሉ፣ ከኤክዚት 192 እስከ 212። እዚህ ሰው ተዘናግቶ ያልፈዋል፣ የምትወርደው 212፣ ቪቪያን ላይ ነው። የትራክ ማቆሚያም እዚያው አለ። በ2010 በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ የበረዶ ድንጋይ የወደቀው እዚህ ነው፣ ወርዱ 8 ኢንች፣ ክብደቱ ወደ 2 ፓውንድ፤ የበጋ ጭነት ከያዝክ እንደገና አስታውሰው፣ ለኦክቶበር ግን አያሳስብህም። ፒር የግዛቲቱ ዋና ከተማ ሆና ኢንተርስቴት የማይደርስባት ናት፣ ስለዚህ ትራኩ ሁሉ ከተማውን ሰንጥቆ ሚዙሪን ይሻገራል፤ ጠዋት ሠራተኛ የሚገባበትን ሰዓት ሸሽተህ እለፍ። ከዚያ በላይ የሱፍ አበባና ኩሬ የበዛበት አገር ነው። ከኩሬዎቹ ጠዋት ጉም ይነሳል፣ ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ድልድዮቹ ላይ የማይታይ በረዶ ይይዛል። ስተርሊንግ ላይ ኢንተርስቴት 94 ትይዝና ወደ ምዕራብ 23 ማይል ያህል ነድተህ ቢስማርክ ነህ። የመንገዱን ሁኔታ በየግዛቱ 511 ላይ ደውለህ ጠይቅ፤ መንገድ ተዘግቷል ካሉ ከዘጋው በር ወዲህ ቁም።

በመንገድ ላይ ከፊት የሚመጣ ገበሬ ከመሪው ላይ አንድ ጣት ቢያነሳልህ ሰላምታ ነው፣ አንተም አንሳለት።

የቀረኝ ነፋሱ ነው፣ እሱ ደግሞ ከመሄጃህ ይልቅ የመመለሻህ ጉዳይ ነው። በዚህ ወቅት ኃይለኛው ነፋስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ነው። ኢንተርስቴት 80 እና 70 ምሥራቅና ምዕራብ ስለሚሄዱ ነፋሱን ፊት ለፊት ወይም ከጀርባ ትቀበለዋለህ፤ 83 ግን ደቡብና ሰሜን ስለሆነ ሙሉ ጎንህን ነው የምትሰጠው። የትሬለርህ ጎን 500 ካሬ ጫማ ያህል ነው፤ 60 ማይል የሚነፍስ ነፋስ በዚያ ላይ ከ2 ቶን በላይ ኃይል ያሳርፋል። 42,000 ፓውንድ ሥጋ ሲኖርህ ይገፋሃል እንጂ አይጥልህም። ቢስማርክ አራግፈህ ባዶህን ስትመለስ ግን ያው ነፋስ ይገለብጥሃል። ስለዚህ ከማራገፍህ በፊት የአየር ሁኔታውን እይ። የአየር ትንበያ ቢሮው «ሃይ ዊንድ ዋርኒንግ» ካወጣ ያለማቋረጥ የሚነፍሰው 40 ማይል ወይም ድንገተኛው 58 ማይል እና ከዚያ በላይ ይሆናል ማለቱ ነው፤ ባዶ ትሬለር ይዘህ በ83 አትውረድ፣ ቢስማርክ እደር። 45 እና 50 ከሆነ በ45 ማይል ፍጥነት ሂድ፣ ከከብት መጠለያ ዛፍ ወይም ከተቆረጠ ኮረብታ ጥግ ወደ ሜዳ ብቅ በምትልበት ቦታ መሪውን በሁለት እጅ ያዝ፣ መስታወትህ ላይ የትሬለሩ ጎማ ከመሬት ሲነሳ ካየህ ያገኘኸው ጠንካራ መግቢያ ውስጥ ገብተህ አፍንጫህን ወደ ነፋሱ አዙረህ ቁም። ዲስፓቹ ቢጮህ የነፋሱን ማስጠንቀቂያ ፎቶ አንስተህ ላክለት፣ ከመልእክቱ ሰዓት ጋር።